ከወንዙ ወደ ላይ፦ በጎርፍ ቱቦ የሚመጣን ቆሻሻ ምንጩ ድረስ የመከተል ማስታወሻ

ሥራው ይሄ ነው። በቀበና ወንዝ ዳር ባለ አንድ ሰፈር ወደ ወንዙ የሚወጡትን የጎርፍ ቱቦዎች መለየት። ዝናብ ሳይኖር ውሃ የሚያፈስሱትን መያዝ። ውሃው ከየት እንደሚመጣ መከተል። ከዚያ የትኛው ቀድሞ ይስተካከል የሚለውን መወሰን።

የጎርፍ ቱቦ የተሠራው ለዝናብ ነው። ማጣሪያ የለውም። የገባበትን ሁሉ ወንዝ ውስጥ ይጥላል። ቀበና ትልቁ አቃቂ ውስጥ ይገባል፣ ትልቁ አቃቂ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያ አዋሽ። በመንገዱ ላይ ደግሞ ሰላጣና ጎመን ይጠጣዋል።

ያለነው እኔ፣ ሁለት የሰፈር ልጆችና በወጣትነታቸው ቱቦ ሲያስቀብሩ የኖሩ ጡረተኛ ፎርማን ነን። ፎርማኑን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

ጥቅምት መጨረሻ። ካርታ

ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት የመስመር ካርታ አገኘን። የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ ነው፤ ግን ከባዶ ይሻላል። ይዘነው ወጣንና ገና በመጀመሪያው መንገድ ላይ አልገጥም አለ። ካርታው ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርደው መስመር መሬት ላይ ቤቶች ሥር ገብቶ ይጠፋል። ጋሼን ጠየቅናቸው።

«ካርታው የተሳለው ሳይቆፈር ነው። ስንቆፍር አለት ሲያጋጥመን ዞርን። ዞራችሁ ብሎ ካርታውን ያረመ የለም።»

ስለዚህ ከታች ጀመርን። ወንዙን ይዘን ወደ ላይ እየሄድን ያየነውን መውጫ ሁሉ መዘገብን። ስድሳ ሳንቲሜትር የኮንክሪት ቱቦ አለ፤ የድንጋይ ዲች (ክፍት ቦይ) አለ፤ ከድጋፍ ግንብ ውስጥ ብቅ ያለ ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ፕላስቲክ ቱቦም ሞልቷል። የመጨረሻዎቹ የጎርፍ መስመር አይደሉም። ከቤት ቀጥታ ወደ ወንዝ የተለቀቁ ናቸው። ለብቻ ዝርዝር ያዝንላቸውና ለጊዜው ተውናቸው። ይሄ ሥራ የመንገዱን መስመር ብቻ የሚመለከት ነው፤ ሁሉንም ልያዝ ካልክ አንዱንም አትይዝም።

ሁለት የቴክኒክ ነገር። የስልክ ጂፒኤስ ገደል ውስጥ አይታመንም፣ ማዶ ያለው ግቢ ውስጥ ነህ ይልሃል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መውጫ የሚታወቅ ነገር ያለበት ፎቶ አነሳን፤ ድልድይ፣ ዛፍ፣ የቆርቆሮ አጥር። ሌላው ስያሜው ነው። መጀመሪያ በቀይ ቀለም ሀ፣ ለ፣ ሐ ብለን ጻፍን። በስልክ ስንነጋገር «ሀ ጋ ነኝ» ሲባል የትኛው ሀ እንደሆነ አይታወቅም። ቀለሙን አጥፍተን ቁጥር ጻፍን።

ኅዳር መጀመሪያ። ደረቅ ቀን

መርሁ ቀላል ነው። ዝናብ ከቆመ ሦስት ቀን ካለፈው በኋላ የጎርፍ ቱቦ ደረቅ መሆን አለበት። ውሃ ካለው ወይ ምንጭ ነው፣ ወይ የቧንቧ ሌክ፣ ወይ የእጥበት ውሃ፣ ወይ ሽንት ቤት። ኅዳር ለዚህ ይመቻል፤ ዝናቡ ሄዷል።

የመጀመሪያ ዙር መሣሪያ ዓይንና አፍንጫ ነው። ቀለሙን፣ ሽታውን፣ አረፋውን፣ ከድንጋዩ ላይ የተለጠፈውን ግራጫ ዝልግልግ ነገር መዘገብን። ይሄ ግራጫው ጥሩ ምስክር ነው። ውሃው ዛሬ ንጹሕ ቢመስልም እዚያ ቦታ ፍሳሽ ሲመላለስ እንደቆየ ይናገራል። ደረቅ ሆኖ ያገኘነውንም መውጫ ነጻ ብለን አላሰናበትንም። ከንፈሩ ላይ የደረቀ ሶፍት ያለበት ቱቦ ሌሊት ሠርቶ ቀን የተኛ ነው።

እዚህ ላይ የውጭ መመሪያዎች የማያነሱት ነገር መጣ። መውጫ 7 ማክሰኞ ጎርፎ ነበር። ሐሙስ ስንሄድ ክር የምታህል ውሃ ብቻ ናት። ያስተካከለው ሰው አለ ብለን ጠየቅን። ማንም አልነካውም። ለካ ነገሩ ፈረቃ ነው። ሰፈሩ ውሃ የሚያገኘው በተወሰኑ ቀናት ነው። ውሃ በመጣ ቀን ልብስ ይታጠባል፣ በርሜል ይሞላል፣ ሽንት ቤት ይለቀቃል። በሌለ ቀን ቱቦውም ያርፋል። እስከዚያ ድረስ የያዝነው ንጽጽር ሁሉ አንዱን መውጫ ቧንቧ ውሃ በመጣ ቀን፣ ሌላውን በሌለ ቀን የለካ ነበር። ጣልነው። ከዚህ በኋላ መዝገቡ ላይ የመጀመሪያው ዓምድ «ውሃ አለ ወይስ የለም» ሆነ። ሁለተኛው ሰዓት ነው። ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ሰው ሁሉ የሚታጠብበት ጊዜ ስለሆነ ፍሳሹ ያኔ ይበረታል።

ሦስተኛ ዓምድ ጋሼ አስጨመሩ፤ የጾም ቀን። ሥጋ ቤቶቹ ረቡዕና ዓርብ ዝግ ናቸው። ረቡዕ ሄደህ የሥጋ ቤት ፍሳሽ አላገኘሁም ብትል ማን ይሰማሃል።

ኅዳር አጋማሽ። ዕቃና ዋጋ

ላቦራቶሪ መላክ ለሁሉም ናሙና አይቻልም። ስለዚህ ርካሽ ነገር ለቀማ ገባን።

የቲዲኤስ እስክሪብቶ፦ 1,800 ብር። በውሃው ውስጥ የሟሟውን ጨው በኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አቅሙ ይገምታል። ምን ዓይነት ጨው እንደሆነ አይናገርም። ግን ሰከንድ ውስጥ መልስ ይሰጣል፤ ከማንሆል ወደ ማንሆል ስንሄድ በብዛት የሠራንበት እሱ ነው። ሰፈርህ ፍልውሃ አካባቢ ከሆነ ግን ተጠንቀቅ። የማዕድን ውሃ ያለ ምንም ቆሻሻ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል።

የአሞኒያ መፈተሻ፦ ለዓሣ ገንዳ የሚሸጠው ጠብታ ነው። ሜሪላንድ ያለች የአክስቴ ልጅ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። ከቢጫ ወደ አረንጓዴ እየጠቆረ ይሄዳል። ችግሩ ጣሪያው ነው፤ 8 ሚሊ ግራም በሊትር ላይ ያልቃል። ጥሬ የሽንት ቤት ፍሳሽ ደግሞ 25 እስከ 50 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማቅጠን ግድ ነው። አንድ እጅ ናሙና፣ ዘጠኝ እጅ የተጣራ ውሃ።

የተጣራ ውሃ ከየት? ከማደያ፤ የባትሪ ውሃ። ግን እስክሪብቶውን ነክራችሁ ሳታዩ አትመኑት። የአንዱ ሱቅ 3 አነበበ፤ የሌላው 140 አነበበ፣ ቧንቧ ውሃ ነው። ከባትሪ አሲድ ጋር እንዳይምታታባችሁም ጠርሙሱን አይታችሁ ግዙ።

ፍሎራይድን ተውነው። የአሜሪካ መመሪያዎች የቧንቧ ውሃን በፍሎራይድ ይለዩታል፤ ምክንያቱም እነሱ ቧንቧቸው ውስጥ ይጨምሩታል። አዲስ አበባ አይጨመርም። እንዲያውም እኛ ሀገር ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ፍሎራይድ በዝቶበት የሕዝቡን ጥርስ ያበላሻል።

ለባክቴሪያ በተህዋስ ሲበከል የሚጠቁረውን የወረቀት ፈተና ሞከርን። ለመጠጥ ውሃ ግሩም ነው። እዚህ ግን ሁሉም ጠርሙስ በማግሥቱ ጥቁር ሆኖ ጠበቀን። ሁሉም ቆሻሻ ነው የሚል መልስ ደረጃ ለማውጣት አይረዳም። አቆምነው።

የተቀረው ባልዲ፣ የስልክ ሰዓት፣ የጎማ ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፣ የናይለን ገመድ፣ የማንሆል ክዳን ማንሻ ብረት ነው። ብረቱን ብየዳ ቤት አሠራነው።

ስለ ማንሆል አንድ ነገር። ማንም ውስጥ አይገባም፤ ናሙናው ገመድ በታሰረ ጣሳ ይወጣል። ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ መጠበቅ ነው። የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ክዳን ከፍተህ ለምሳ አትሂድ ደግሞ፤ ሰፈሩ ሕፃናት አሉበት።

ኅዳር መጨረሻ። ጥጥ

የልብስ ሳሙና ዱቄት ውስጥ ነጭ ልብስን የሚያደምቅ ኬሚካል አለ። ጥጥ ላይ ይጣበቃል፤ በአልትራቫዮሌት መብራት ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። 2015 እ.ኤ.አ. የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ይዘው የሴቶች ታምፖን በጎርፍ መውጫዎች ላይ ለሦስት ቀን አንጠለጠሉ። ከ16 መውጫ 9ኙ አበራ። ከዚያ ወደ ላይ ማንሆል በማንሆል እየነከሩ ጥፋተኛውን መስመር ለዩ። ርካሽና ብልጥ ሥራ ነው።

እኛ ታምፖን አላስፈለገንም። የፋርማሲ ጥጥ ግን ገዝተን በመብራቱ ስናየው ገና ሳይነከር አበራ። ፋብሪካ ሲያነጣው ኬሚካሉን አብሮ የቀባው ይመስላል። ጋሼ ሳቁና ከቤታቸው ባለቤታቸው የሚፈትሉትን ያልታጠበ ጥጥ አመጡ። ጨለማ። ምንም አያበራም። ከዚያ ወዲህ ሽሮ ሜዳ ሄደን ጥሬ ጥጥ በኪሎ ነው የምንገዛው።

መብራቱ የብር ኖት መፈተሻ ነው፤ መርካቶ 600 ብር። የርካሹ ችግር የሚያወጣው ብርሃን ራሱ ወይን ጠጅ መሆኑ ነው። ሁሉም ነገር ትንሽ ያበራ ይመስላል። 365 ናኖ ሜትር የሚል የተጻፈበትን ፈልጉ፤ 395 የሚለው ዓይን ያታልላል። እኛ 395ቱን ይዘን ስንከራከር ከርመን ነው ሁለተኛውን የገዛነው፤ 2,300 ብር።

አሠራሩ፦ ቡጢ የምታህል ጥጥ በአጥር ሽቦ ጎጆ ውስጥ ይገባል። በናይለን ገመድ ከድንጋይ ጋር ታስሮ ሦስት ቀን ይቆያል። ሲወጣ በባትሪ ውሃ ይለቀለቅና ጥቁር ፌስታል ውስጥ ይገባል። ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ኬሚካሉን ፀሐይ ያጠፋዋል። ሁልጊዜ ሁለት ተጨማሪ ጥጥ አብሮ ይቀመጣል፤ አንዱ ያልተነካ፣ አንዱ ኦሞ ውስጥ የተነከረ። የሚያነበው ሰው የትኛው ከየት እንደመጣ አይነገረውም። ጠረጴዛው ላይ ቁጥሩ ተሸፍኖ ይሰለፋል። ይሄን ያደረግነው ልጆቹ የሚጠሉት ጋራዥ ጥጥ ሁልጊዜ «በጣም ያበራል» እየተባለ ስለተመዘገበ ነው።

የጋራዡ እውነትም ያበራ ነበር። ግን ቢጫ ቀላቅሎ ነው። የሞተር ዘይትም በዚህ መብራት ያበራል። ስለዚህ ጥጡ ብቻውን ዳኛ አይሆንም። ከአሞኒያው ጋር አጣመርነው። ጥጡ አብርቶ አሞኒያው ከፍ ካለ ሽንት ቤት። አብርቶ አሞኒያው ዝቅ ካለ እጥበት። ሁለቱም ከሌሉ የቧንቧ ሌክ ወይ ምንጭ።

መውጫ 9 የመጨረሻው ዓይነት ነው። ጥርት ያለ ውሃ፣ ሴኮንድ ውስጥ አንድ ሊትር ገደማ። ሰፈሩ «ጠበል ነው» ይላል። ክሎሪን ፈተንን፣ የለም። ያ ግን ምንም አያረጋግጥም፤ ክሎሪን ቆሻሻ ሲነካ ይጠፋል። መልሱን የሰጠን ፈረቃው ነው። ውሃ በሌለ ቀን መውጫ 9 ይደርቃል። ምንጭ ፈረቃ የለውም። የተሰበረ የውሃ መስመር ነው። ለሚመለከተው አካል አስታወቅን፤ ሰፈሩ ግን እስካሁን በእኛ ደስ አላለውም።

ታኅሣሥ። ማንሆል በማንሆል

መውጫ 7ን ለመከተል ወሰንን። ከታች አንድ በአንድ መውጣት ጊዜ ይበላል። መሐል ላይ ያለውን ማንሆል ከፈትን። እዚያ የቲዲኤስ እስክሪብቶው ቁጥር ከፍ ያለ ከሆነ ምንጩ በላይ ነው፤ ዝቅ ካለ በታች ነው። ከዚያ የቀረውን ግማሽ እንደገና በግማሽ። ክዳናቸው በአስፋልት የተሸፈነ ማንሆሎች ሥራውን አበላሹት። መንገዱ በታደሰ ቁጥር አስፋልቱ በላያቸው ይደፋባቸዋል። ጋሼ ከመብራት ምሰሶ እየቆጠሩ በእርምጃ ለክተው «እዚህ ጋ ነው» ይላሉ፤ በመዶሻ ሲመታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። አንዱ ላይ ግን የባንኮኒ ሱቅ ቆሞበታል። ዘለልነው።

ቁጥሩ በሁለት ማንሆሎች መካከል በድንገት ወረደ። በታች ያለው 900 ሲል በላይ ያለው 310። ስለዚህ ቆሻሻው የሚገባው በእነዚህ መካከል ነው። የሰፈሩ ሰው ወዲያው ፈረደ። ከመንገዱ ወዲህ አንድ ባለ አራት ፎቅ የጋራ ሕንጻ አለ። «ሽንት ቤታቸውን ከጎርፍ ቱቦ ጋር ያገናኙት እነሱ ናቸው!» እኔም ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ብዬ ነበር።

ለማረጋገጥ ቀለም ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ የሚውለው ፍሎረሲን ሊገኝ አልቻለም። ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ሞከርን፤ ፍሳሽ ሲነካ ቡኒ ሆኖ ይሞታል። የኬክ ቀለም ገዛን፣ ቀዩን። ይሄን ማንም እንዳይደግመው። ወንዙ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ቀይ ውሃ ሲወርድ ጮኹ፤ ሰው ታርዷል ተባለ፣ ፖሊስ ተጠራ። ከዚያ በኋላ አረንጓዴ ሆነ፤ ከመጀመራችን በፊትም ልጆቹ ቤት ለቤት ይናገራሉ።

የቀለም ፈተና ሕጉ በአንድ ጊዜ አንድ ቤት ነው። በአንድ ሽንት ቤት ቀለሙን ለቅቆ፣ በሁለት ባልዲ ውሃ አስከትሎ፣ ታች ማንሆል ላይ መጠበቅ። የሕንጻው ኮሚቴ በደስታ አስገባን፤ ስማቸው መጥፋቱ አስመርሯቸው ነበር። ከሁሉም መግቢያ ለቀቅን። የጎርፍ ማንሆሉ ላይ ምንም አልታየም። አረንጓዴው የታየው ትክክለኛው የፍሳሽ መስመር ማንሆል ውስጥ ነው። ሕንጻው በሥርዓቱ የተገናኘ ነው።

ግን ያንን የፍሳሽ ማንሆል ስንከፍት እስከ አንገቱ ሞልቷል። ውሃው አይሄድም፣ ቆሟል። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ይሄኮ ታንቋል። የታነቀ ውሃ መንገድ አያጣም» አሉ። የፍሳሹ መስመርና የጎርፉ መስመር በአንድ ቦይ ጎን ለጎን ነው የተቀበሩት። ቀለሙን ለአንድ ሌሊት ትተን ስንመለስ አረንጓዴው የጎርፍ ቱቦው መገጣጠሚያ ላይ በክፍተቱ በኩል ይወጣል። ሕገ ወጥ ግንኙነት የሚባል ነገር የለም። የታነቀ መስመር ነው። መፍትሔው ቅጣት ሳይሆን የፍሳሽ መኪና ነው።

ጥር። ቅዳሜና እሑድ የሚሠራው ቱቦ

መውጫ 4 ሁልጊዜ ደረቅ ነው። ግን ከንፈሩ ጥቁር ነው። ከጥምቀት በኋላ ባለው ዓርብ ማታ በቱቦው ውስጥ ዝቅ ያለ የአሸዋ ከረጢት ግድብ ሠራን። ሰኞ ጠዋት ከግድቡ ኋላ ጭቃ፣ አረፋና የቀስተ ደመና ቀለም ያለው የዘይት ሽፋን ጠበቀን። አሞኒያ የለውም። ጥጡ አበራ። ወደ ላይ ብዙ መሄድ አላስፈለገም፤ ላቫጆ ነው።

ተደራጅተው የሚሠሩ ልጆች ናቸው። ለክስ የመጣን መስሏቸው ነበር።

«ውሃው የት ይሂድ? ቦታውን ሲሰጡን መውጫው ይሄ ነው ብለው ነው ያሳዩን።»

እውነታቸውን ነው። በብሎኬት የሚሠራ ባለ ሦስት ክፍል ገንዳ ሣልንላቸው። አንደኛው ጭቃውን ያስቀራል። ሁለተኛው መውጫው ከታች ስለሆነ ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። ሦስተኛው ማረጋጊያ ነው። ማቴሪያሉ በእኛ ግምት 28,000 ብር ይፈጃል፤ ጉልበቱን ራሳቸው ሊችሉ ተስማሙ። ገንዳው በየሳምንቱ ካልተጠረገ ግን ለወሬ ብቻ የተሠራ ጉድጓድ ነው የሚሆነው። እሱን በወረቀት ተፈራረምን።

ጋራዡ፣ መውጫ 15፣ ያስገረመን ነው። ሁላችንም የሞተር ዘይት ይደፋሉ ብለን ነበር። አይደፉም። ያገለገለ ዘይት ገዢ አለው፤ ለፎርም ወርክ እንጨት ይቀባል፣ ለአጥር ምሰሶ ምስጥ ይከላከላል። ብር የሚያወጣን ነገር ማን ወንዝ ውስጥ ይደፋል? የሚደፋው ሞተር የታጠበበት ናፍጣ ነው። እሱን የሚገዛ የለም። ስለዚህ ምክሩም «ዘይት አትድፉ» መሆን የለበትም፤ ናፍጣውን በጀሪካን አርግታችሁ መልሳችሁ ተጠቀሙበት ነው።

የካቲት። ማን ይቅደም

አሁን ዝርዝር አለን። ገንዘብና ጉልበት ግን ለሁሉም አይበቃም። ስብሰባ ላይ አብዛኛው ሰው መውጫ 11 ይቅደም አለ። ይገባኛል። በድልድዩ ሥር ነው፤ የሚያልፍ ሁሉ አፍንጫውን ይይዛል።

ቁጥሩ ሌላ ይላል። መውጫ 11 ላይ አሞኒያው 45 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ፍሰቱ ግን በሴኮንድ 0.04 ሊትር፤ አንድ ባልዲ ለመሙላት አራት ደቂቃ ይፈጃል። መውጫ 7 ላይ አሞኒያው 6 ብቻ ነው፤ ፍሰቱ ግን 2.5 ሊትር። መጠኑን በፍሰቱ አባዝቶ፣ ከዚያ በ86.4 ሲባዛ በቀን ስንት ግራም እንደሚወርድ ይወጣል። መውጫ 11፦ 155 ግራም። መውጫ 7፦ 1,296 ግራም። ስምንት እጥፍ። የማይሸተው ነው የባሰው፤ በሌላ ውሃ ስለቀጠነ ነው የማይሸተው።

የጠዋቱን ቁጥር ብቻ ይዞ ለ24 ሰዓት ማባዛት ግን ማጋነን ነው። ከላይ ያለው የጠዋት፣ የቀትርና የማታ አማካይ ነው፤ የውሃ ቀንም ብቻ ነው። ለማመሳከር ደግሞ ወደ ሰው ለወጥነው። አንድ ሰው በቀን ከ5 እስከ 8 ግራም ገደማ ቢያወጣ 1,296 ግራም የ160 እስከ 260 ሰው ነው። ሕንጻውና በላዩ ያሉት ግቢዎች ተደምረው ወደዚያ ይጠጋሉ። ቁጥሩ አላበደም ማለት ነው።

ክብደቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ማን ይነካዋል የሚለውን ጨመርን። ከመውጫ 7 በታች ለጎመን ማሳ ውሃ የሚስብ ፓምፕ አለ። ከመውጫ 11 በታች ድንጋይና እሾህ ነው። ሁለቱን አባዛናቸው፤ ደመርን ሳይሆን። ማንም የማይነካው ትልቅ ቆሻሻና ሰው የሚጠጣው ትንሽ ቆሻሻ በመደመር እኩል ይወጣሉ። የመጠገኑን ቅለት ከነጥቡ ውስጥ አላስገባንም። እሱ የሚያገለግለው ነገ ለማን እንደምንደውል ለመወሰን ነው።

ጋሼ አልተስማሙም። «ናፍጣውስ? በአሞኒያ ትለኩታላችሁ?» ልክ ናቸው። ናፍጣና ሽንት በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ሁለት ዝርዝር አደረግነው፤ የፍሳሽና የዘይት። የዘይቱ አናት ላይ ጋራዡ፣ ቀጥሎ ላቫጆው። የፍሳሹ አናት ላይ 7። ሥጋ ቤቶቹ ቅሬታ የበዛባቸው ቢሆኑም በሁለቱም ታች ናቸው፤ ደማቸው ትንሽ ነው፣ ወለሉ ላይ ወንፊት ማድረግ ይበቃል።

ደብዳቤ ጻፍን። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ን ጠቅሰን፣ ፎቶ፣ ቁጥርና የማንሆሉን ቦታ አያይዘን። «ይታያል» ተባልን። ደጋግመን ሄድን። ውሳኔውን ያፋጠነው፣ እኔ እንደማምነው፣ አዋጁ ሳይሆን «የትኛው ማንሆል» ለሚለው ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ መኖሩ ነው። ሾፌሩ መጥቶ የሚፈልገው ነገር የለም፤ በቀይ ቀለም ምልክት አድርገናል።

መኪናው መጣ። በከፍተኛ ግፊት ውሃ ሲወጋው የወጣው የሕፃን ሽንት ጨርቅ፣ ፌስታልና ከሁሉም በላይ የደረቀ ሲሚንቶ ነው። ከአንድ ግንባታ ሠራተኞች ባልዲያቸውን ሲያጥቡ ማንሆል ውስጥ ደፍተውት ነው የሚሆነው። ቱቦው ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ተቀምጧል። በእጅ መሰርሰሪያ ነው የተሰበረው።

መጋቢት። የበልግ ዝናብ

ዝናቡ በሌሊት ስለሚመጣ ማንም ቆሞ አይጠብቅም። የሃይላንድ ጠርሙሶችን በተለያየ ከፍታ ቱቦው ግድግዳ ላይ አሰርን፤ አፋቸው ወደ ላይ። ውሃው ከፍ ሲል ዝቅ ያለው ይሞላል፣ ቀጥሎ መካከለኛው። ዝቅተኛው የያዘው የመጀመሪያው ጎርፍ ነው፤ ወራት ሙሉ መንገድ ላይ የተጠራቀመውን ጠርጎ የሚመጣው። ከጠርሙሱ ሩቡ ጭቃ ነው። ሦስተኛው በንጽጽር ጥርት ያለ ነው። አንዱ ጠርሙስ የጫት ገራባ አፉን ዘግቶት ባዶ ወጣ፤ አሁን ወንፊት አድርገንለታል።

ጭቃው ደረጃውን ያናጋል። በደረቅ ወቅት የማይታይ መውጫ 2 በአንድ ሌሊት ከሁሉም የበለጠ ደለል ጣለ። በላዩ መንገድ ዳር የተከመረ የግንባታ አሸዋና የቁፋሮ አፈር አለ። ሦስተኛ ዝርዝር ከፈትን፤ የዝናብ ቀን።

መውጫ 7 ደግሞ መስመሩ ከተጠረገ በኋላ፣ በውሃ ቀን፣ ሦስት ደረቅ ቀን ጠብቀን ተለካ። ፍሰቱ ወደ 0.6 ሊትር ወረደ፤ አሞኒያው 1.5። በቀን 78 ግራም ገደማ። አሁን ከመውጫ 11 በታች ሆኗል፣ 11 ተራው ደርሷል። ዜሮ አለመሆኑ ግን ሌላ ነገር እንዳለ ያሳያል። ውሃው ሲቀንስ ቀድሞ ተሸፍኖ የነበረ 110 ፒቪሲ ከጎን ታየ። ካርታው ላይ የለም፤ ጋሼም አያውቁትም። አዲስ ጥጥ በውስጡና በላዩ ባለው ማንሆል አስረናል፤ ረቡዕ ይነሳል። አረንጓዴ ቀለም አልቋል፣ ሁለት ጠርሙስ ይገዛ።